«አከራይን ይቅርታ አትጠይቁ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የቤት ኪራይ ቀን ያሳለፈ ሰው አከራዩን ይቅርታ መጠየቅ የለበትም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ጽሑፉ አምስት ነጥቦች አሉት። አንደኛ፣ ኪራይ የውል ጉዳይ ነው፤ ይቅርታ ለወዳጅና ለዘመድ እንጂ ለአከራይ አይደለም ይላል። ሁለተኛ፣ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ጥፋቱን አምኗልና ነገ በገዛ ቃሉ ይያዛል። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ እስኪገኝ ዝም ማለት ይሻላል፤ በባዶ እጅ አከራይ ፊት መቆም ጭቅጭቅ መጥራት ነው። አራተኛ፣ መናገር ግድ ከሆነ አንጀት የሚበላ ምክንያት ይቅረብ። አምስተኛ፣ ውሉ ላይ መቀጫ ካለ መቀጫውን ከፍሎ ዝም ማለት በቂ ነው።

ጸሐፊው ለተከራይ ተቆርቁረው እንደጻፉ ይገባኛል። እኔም ለተከራይ እቆረቆራለሁ፤ ለዓመታት ተከራይቼ ኖሬያለሁ፣ የኪራይ ቀንም አሳልፌ አውቃለሁ። ያደግሁት ደግሞ አንዱ ክፍሉ በሚከራይ ቤት ውስጥ ነው። የእናቴ የወር ገቢ አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ክፍል ነበር። ሁለቱንም ወገን ስለማውቅ ምክሩ ሊረዳቸው የፈለገውን ሰዎች መልሶ እንደሚጎዳ ይታየኛል። የጽሑፉን ቅደም ተከተል ሳልጠብቅ ከሁሉ የባሰ ጉዳት ከሚያደርሰው ከሦስተኛው ልጀምር።

«ገንዘቡ እስኪገኝ ዝም በሉ»

ልጅ እያለሁ ያንን ክፍል ተከራይታ የምትኖር አንዲት ወጣት ነበረች። ማታ ከሥራ ስትመለስ በበሩ ብቅ ብላ «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» ሳትል ወደ ክፍሏ አትገባም። አንድ ወር ግን ድምጿ ጠፋ። የኪራዩ ቀን አለፈ፤ እሷም ሁላችን ከተኛን በኋላ መግባት ጀመረች። የእኔ አልጋ ከመተላለፊያው አጠገብ ስለነበር እሰማታለሁ። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በእጇ ትይዛለች፣ በካልሲ ትራመዳለች፣ ቁልፉን ስታዞር እንኳ እንዳይንቋቋ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆም ትላለች።

እናቴም ትሰማት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት «ይቺ ልጅ ምን ሆና ይሆን? አመማት እንዴ?» አለች። በሁለተኛው ሳምንት «ሳትነግረኝ ልትወጣ ይሆን?» ማለት ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት የተናገረችውን አልረሳውም፤ «ንቃኝ ነው» አለች። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ዕዳው በአንዲት ሳንቲም አልጨመረም። ልጅቷም ያው የምናውቃት ልጅ ነበረች። የተለወጠው እናቴ ስለ እሷ የምታስበው ነገር ነው፤ ምንም የሚነግራት ሰው ስላልነበረ በራሷ ግምት ሞላችው።

አንድ ሌሊት እናቴ መብራት አብርታ፣ መተላለፊያው ላይ ወንበር አውጥታ ጠበቀቻት። ልጅቷ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቆማ አለቀሰች። መሥሪያ ቤቷ ደሞዝ አልከፈላትም ነበር። እናቴ አልተቆጣችም። «መቼ እንደምትከፍይ ብቻ ንገሪኝ፤ እኔም የምከፍለው አለብኝ» ነው ያለቻት።

«እኔም የምከፍለው አለብኝ» የምትለው ቃል ጽሑፉ ውስጥ የትም የለችም። አከራይ በጽሑፉ የተሳለው ገንዘብ ተርፎት ወር እየቆጠረ የሚሰበስብ ሰው ሆኖ ነው። እንደዚያ ያለም አለ። ብዙው ግን ቤቱን በባንክ ብድር የሠራ፣ ግብር የሚጠብቀው፣ የሚያፈስ ጣሪያ የሚያስጠግን፣ ወይም እንደ እናቴ ወሩን በዚያው ገንዘብ የሚገፋ ነው። ኪራዩ በ10 ቀን እንደሚዘገይ አስቀድሞ ያወቀ ሰው የራሱን ክፍያ ያሸጋሽጋል፣ ከዘመድ ይበደራል፣ ባንኩን ያነጋግራል። ያላወቀ ሰው ግን የሚያደርገው የለም። ስለዚህ የዝምታ ጉዳት በገንዘቡ መዘግየት ብቻ አያበቃም፤ አከራዩ ለራሱ መላ የሚፈልግበትን ጊዜም ይወስድበታል።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ዓይነት ንግግር ከቀኑ በፊትና ከቀኑ በኋላ ሲነገር ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የክፍያው ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው «በዚህ ወር እዘገያለሁ» ያለ ሰው አስታወቀ ይባላል። ቀኑ ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ያውም ተጠይቆ፣ ይህንኑ ያለ ሰው አመካኘ ነው የሚባለው። ልዩነቱ ስድስት ቀን ነው፤ ለሰሚው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ባዶ እጅ የሚለውም ቢሆን ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። አብዛኞቻችን ስንዘገይ የሚጎድለን ሙሉው ኪራይ ሳይሆን ግማሹ ወይም ሲሶው ነው። ያለውን በቀኑ መስጠት ይቻላል። ሲሰጥ ግን በደረሰኝ ይሁን፤ ደረሰኙ ላይም የተከፈለው፣ የቀረው፣ ቀሪው የሚከፈልበት ቀን ይጻፍ። አንዳንድ አከራይ ከፊል ክፍያ አልቀበልም ይላል፤ ተከራይ በዚህ ባይቀየም ጥሩ ነው። በአንዳንድ አገሮች ሕግ ከፊሉን የተቀበለ አከራይ በዚያ ዕዳ የጀመረውን የማስለቀቅ ሂደት እንደ አዲስ ለመጀመር ሊገደድ ስለሚችል የሚጠነቀቅ አለ። አልቀበልም ቢል እንኳ ለመክፈል መምጣታችሁን አይቷል።

«ኪራይ ውል ነው፤ ይቅርታ ለዘመድ ነው»

ኪራይ ውል መሆኑ እውነት ነው። ግን ውል ባለበት ቦታ ሁሉ ይቅርታ አለ። ዕቃ በቀኑ ያላደረሰ ነጋዴ ደንበኛውን ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሥራ ያዘገየ ተቋራጭ ደብዳቤ ይጽፋል። ይህን የሚያደርጉት ስለተዋደዱ አይደለም። ነገም አብረው ስለሚሠሩ ነው። ተከራይና አከራይ ደግሞ ከነጋዴና ከደንበኛ ይልቅ የተቀራረቡ ናቸው፤ አንዳንዴ በአንድ በር ይገባሉ። ውሉን ማደስ አለ፣ ኪራይ መጨመር አለ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ ቶሎ መምጣትና አለመምጣት አለ፣ ሌላ ቤት ስትፈልጉ «እንዴት ያለ ተከራይ ነበሩ?» ተብሎ መጠየቅ አለ። እነዚህን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ በውሉ ላይ የሰፈረው ቃል ሳይሆን አከራዩ በእናንተ ላይ ያለው እምነት ነው።

ይቅርታ ከስሜት በላይ ሥራ እንዳለው በጥናትም የታየ ነው። በአሜሪካው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የድርድር ተመራማሪ የነበሩት ሮይ ሌዊኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። በሁለት ሙከራዎች 755 ሰዎችን አሳትፈው ይቅርታን በስድስት ክፍሎች መረመሩት፤ መጸጸትን መግለጽ፣ የሆነውን ማስረዳት፣ ኃላፊነትን መውሰድ፣ አይደገምም ማለት፣ ጉዳቱን ለመጠገን ማቅረብና ይቅር በሉኝ ብሎ መለመን። ጥናቱ የተሠራው በሥራ ቦታ ጥፋት ላይ እንጂ በኪራይ ላይ አይደለም። ሆኖም ውጤቱ ለእኛም ይጠቅማል። ከሁሉ የከበደው «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ሆኖ ተገኘ፤ ሁለተኛው «እንዲህ አድርጌ እጠግነዋለሁ» ማለት ነው። ከሁሉ የቀለለው ደግሞ ልመናው ነው።

ጸሐፊው «ይቅርታ» ሲሉ አንገት ደፍቶ መለማመጥ ታይቷቸው ይመስለኛል። እሱን ከሆነ የሚቃወሙት፣ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ነገር ግን ልመናን ከይቅርታ አውጥተን ብንጥለው የሚጎድለን ጥቂት ነው። ኃላፊነቱና የመክፈያው ቀን ይቀሩልናል፤ አከራይ የሚፈልገውም እነዚህን ነው።

«በገዛ ቃልህ ትያዛለህ»

ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም። በሕግ ዓለም ይቅርታ እንደ እምነት ቃል ይቆጠራል የሚለው ስጋት የቆየ ነው። አንዳንድ ቦታዎች ሰው ከልቡ እንዲጸጸት ብለው የይቅርታ ሕግ እስከማውጣት ደርሰዋል። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1986 ከአደጋ በኋላ የሚነገር የሐዘኔታ ቃል ማስረጃ እንዳይሆን ደነገገች፤ የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2006፣ ሆንግ ኮንግ በ2017 ሰፋ ያለ ሕግ አወጡ። ሕጎቹ የወጡት ግን ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በሚያከራክሩ ጉዳዮች ተብሎ ነው፤ አደጋ፣ ሕክምና፣ የመሳሰሉት።

የዘገየ ኪራይ እንዲህ አይደለም። ዕዳው ያለው እናንተ ይቅርታ ስላላችሁ ሳይሆን ውሉን ስለፈረማችሁ ነው። ቀኑም መጠኑም ውሉ ላይ ተጽፏል። «ይቅርታ፣ ዘገየሁ» ማለት አከራዩ የማያውቀውን ነገር አይጨምርለትም።

ሆኖም ሁለት ቦታ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። አንዱ የሚያከራክር መጠን ነው። አከራዩ ሦስት ወር አለብህ ሲል እናንተ አንድ ወር ነው የምትሉ ከሆነ፣ በይቅርታ መልእክታችሁ ያመናችሁበትን ወር ብቻ በስሙ ጥቀሱ፤ «ያለብኝን ዕዳ ሁሉ» ብላችሁ አትጻፉ። በብዙ አገሮች ዕዳን በጽሑፍ ማመን ይርጋን፣ ማለትም ዕዳው በክስ ሊጠየቅ የሚችልበትን የጊዜ ገደብ፣ አቋርጦ ጊዜውን እንደ አዲስ ያስቆጥራል፤ የቆየና የተረሳ ሒሳብ ካለ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው፣ ኪራዩን የያዛችሁት አከራዩ መጠገን የነበረበትን ስላልጠገነ ከሆነ ነው። ያ መዘግየት ሳይሆን ክርክር ነው፤ የራሱ ደብዳቤና የራሱ የሕግ ምክር ያስፈልገዋል። ክርክርን በይቅርታ ቃል አትጻፉት።

«አንጀት የሚበላ ምክንያት አቅርቡ»

ከጽሑፉ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው። ምክንያት ይቅረብ መባሉ ልክ ነው፤ የሚያሳዝን ተደርጎ ይቅረብ መባሉ ነው ስሕተቱ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤለን ላንገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት የታወቀ ሙከራ አለ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ያለን ሰው «ልቅደም» ብለው ይጠይቃሉ። ኮፒ ለማድረግ የተጠየቀው አምስት ገጽ ብቻ ሲሆን ያለ ምክንያት የተጠየቁት 60 በመቶ ፈቀዱ። «ቸኩያለሁ» ሲሏቸው 94 በመቶ ፈቀዱ። የሚገርመው፣ «ኮፒ ማድረግ ስላለብኝ» የሚል ምንም የማይጨምር ምክንያት ሲሰጣቸውም 93 በመቶ ፈቅደዋል። ብዙ ሰው ከዚህ ሙከራ የሚያነሳው ይህንን ብቻ ነው፤ ምክንያት ይኑር እንጂ ምንም ይሁን የሚለውን። ጥያቄው ወደ 20 ገጽ ሲያድግ ግን ባዶው ምክንያት ምንም አልሠራም፤ ያለ ምክንያትም በባዶ ምክንያትም 24 በመቶ ብቻ ሆነ። እውነተኛው ምክንያት 42 በመቶ አደረሰው። ኪራይ ማዘግየት ከአምስት ገጹ ወገን አይደለም። ሰው ላይ የሚከብድ ነገር ስንጠይቅ ሰሚው ምክንያታችንን ይመዝናል።

አንጀት የሚበላ ታሪክ ደግሞ ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። የተጋነነ ሕመም፣ የሌለ ለቅሶ፣ በዘመድ ላይ ያልደረሰ አደጋ። ይህን የተናገረ ሰው ታሪኩን መጠበቅ አለበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት «እናትህ ተሻላቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሆነውን አስቡት። እውነት ቢሆንም እንኳ ሙሉውን መዘርዘር አያስፈልግም። የሕክምና ወረቀት ለአከራይ ማሳየት የለባችሁም። «ያልታሰበ የሕክምና ወጪ ገጠመኝ» ይበቃል። «ደሞዜ እስካሁን አልገባም» ይበቃል።

ይልቅ ልብ ልንላቸው የሚገቡ ትንንሽ ቃላት አሉ። «ይቅርታ፣ ግን» የምትለዋ «ግን» ከፊቷ የነበረውን ይቅርታ ሙልጭ አድርጋ ትወስደዋለች። «ካስቀየምኩዎት ይቅርታ» ደግሞ ጥፋቱን ወደ ሰሚው ስሜት ያዞራል፤ እሱ ተቀይሞ እንደሆነ እንጂ እኔ አዘግይቼ እንደሆነ አይናገርም። «በቅርቡ»፣ «ሰሞኑን»፣ «እንዳገኘሁ» የሚሉት ሲነገሩ ደስ ይላሉ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው ግን ምንም አይነግሩትም። አከራይ የሚሰማው ቀን ነው። ያውም እርግጠኛ የሆናችሁበት ቀን። ገንዘቡ ሐሙስ ሊገባ ይችላል ብላችሁ ካሰባችሁ ሰኞ በሉ። ሐሙስ ብሎ ዓርብ ከሚከፍል፣ ሰኞ ብሎ ዓርብ የሚከፍል ይሻላል፤ ገንዘቡ የደረሰው በአንድ ቀን ቢሆንም የመጀመሪያው ሰው ሁለት ጊዜ ዘግይቷል፣ ሁለተኛው ከቃሉ ቀድሟል።

እኔ አንድ ጊዜ ለአከራዬ የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የዚህን ወር ኪራይ በቀኑ መክፈል አልቻልኩም፤ አስቀድሜ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምሠራበት ቦታ ክፍያ ዘግይቶብኝ ነው። ግማሹን ዛሬ አስገብቻለሁ፤ ቀሪውን እስከ 12 ድረስ እከፍላለሁ። ይህ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ይደውሉልኝ፣ ማታ ቤት ነኝ።»

ከዚህ ውስጥ በጣም የሠራው ምን እንደሆነ በኋላ ራሳቸው ነግረውኛል፤ «ማታ ቤት ነኝ» የሚለው ነው። የሚደበቅ ሰው የት እንዳለ አይናገርም።

መልእክቱን መጻፍ የማይወዱ አሉ፤ በቃል ይሻላል የሚሉ። በአንድ ግቢ ለሚኖር አከራይ እኔም በቃል እመርጣለሁ፤ ከተነጋገሩ በኋላ ግን የተስማሙበትን ቀንና መጠን በአጭር መልእክት መላክ ለሁለቱም ይጠቅማል።

«መቀጫውን ከከፈልክ ጨርሰሃል»

እ.ኤ.አ. በ2000 ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በእስራኤሏ ሃይፋ ከተማ በ10 የሕፃናት ማቆያዎች ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ልጆቻቸውን ዘግይተው የሚወስዱ ወላጆችን ለማስቀረት በስድስቱ ማቆያዎች ከ10 ደቂቃ በላይ ለዘገየ ሰው መጠነኛ መቀጫ ተጣለ። የዘገዩት ወላጆች ቁጥር ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ ጨመረ፤ ወደ እጥፍ ገደማ ደረሰ። ቀድሞ ሲዘገዩ መምህሯን ማስቸገራቸው ያሳፍራቸው ነበር፤ መቀጫው ሲመጣ መዘግየት የሚገዛ አገልግሎት መሰላቸው። መቀጫው ከተነሣ በኋላም ቁጥሩ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

ጸሐፊው የሚመክሩን በኪራይም ይህንኑ እንድናደርግ ነው። መቀጫ መክፈል ግዴታ ነው፤ ውሉ ላይ ካለ ይከፈል። ነገር ግን መቀጫ ለአከራዩ የሚመልስለት የገንዘቡን ጉዳት ነው። የጠበቀበትን ማታ አይመልስለትም። መቀጫ ያለ ይቅርታ ሲከፈል አከራዩ የሚሰማው መልእክት «መዘግየቴን ገዝቻለሁ» የሚል ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋውን ከፍ ቢያደርገው ሊደንቀን አይገባም። ይቅርታ ጠይቆ መቀጫውን የከፈለ ሰው ግን አንዳንዴ «መቀጫው ይቅር» ይባላል። ይህን ተስፋ አድርጋችሁ ይቅርታ ጠይቁ እያልኩ አይደለም፤ ሲሆን አይቻለሁ ነው የምለው።

ጽሑፉ ያላነሳው፣ እኔ ግን ሳላነሳ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ይቅርታ ሲደጋገም ያልቃል። አንድ ጊዜ የዘገየ ሰው ይቅርታው ይሰማል፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ይሆናል። በየወሩ የሚጠየቅ ይቅርታ ግን ሰላምታ ይሆናል። በየወሩ የሚዘገይ ሰው ከቃላቱ ይልቅ ቀኑን ቢመረምር ይሻለዋል። ውሉ በ1 ክፈል ይላል፣ ገንዘብ የሚገባው ግን በ10 ነው እንበል፤ እንዲህ ያለ ሰው ዝንጉም አታላይም አይደለም፣ የተሳሳተ ቀን ላይ ነው የፈረመው። አብዛኛው ሰው የመክፈያ ቀን በስምምነት ሊቀየር እንደሚችል አያስበውም። ሲጠየቅ ግን ለዘጠኝና ለአሥር ቀን ሽግሽግ እምቢ የሚል አከራይ ብዙ አይደለም፣ በተለይ የመጀመሪያው ወር ልዩነት አብሮ ከተከፈለው።

እኔም የዚያ ዓይነት ተከራይ ነበርኩ። ከላይ ያሳየኋችሁን መልእክት በተለያየ ቃል አምስት ወር ጽፌዋለሁ። በስድስተኛው ወር ከመጻፌ በፊት ሄጄ አነጋገርኳቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ውሉን ከመሳቢያ አወጡ፣ 1 የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዙት፣ በላዩ 12 ብለው ጻፉና ሁለታችንም አጠገቡ ፈረምን። ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ ስለ ኪራይ ይቅርታ ጠይቄያቸው አላውቅም።